የሹብራ ሴቶች

የሆድ ዳንስ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሆቴል መድረክ፣ በናይል ላይ ወደሚንሳፈፉት የእራት መርከቦች ነው። ለኔ ትዝ የሚለኝ ግን ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር ያለ አንድ ጠባብ ሳሎን ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። ሶፋው ሁሉ ወደ ግድግዳ ተገፍቷል። ወንዶቹ ታች ቡና ቤት ሄደዋል። መሐል ወለሉ ላይ ጫማቸውን ያወለቁ ሴቶች ይጨፍራሉ።

ግብፅ ለሥራ የሄድኩት ገና በለጋነቴ ነበር። በገባሁበት ቤት የመዳሜ አማት አብረው ይኖሩ ነበር። ሰፈርተኛው «ሐጋ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈርተኛው። ከሰዓት በኋላ ሥራው ጋብ ሲል ቴሌቪዥኑ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን ያሳያል። ሐጋም ሻያቸውን ይዘው «ነይ ያ ቢንቲ (ልጄ)፣ አረፍ በይ» ይሉኛል። ዳንሰኛዋን ሳሚያ ጋማልን ከዘፋኙ ፋሪድ አል አጥራሽ ጋር ያየኋት ያኔ ነው፤ ታሂያ ካሪዮካንም እንዲሁ። ሐጋ ከሁለቱ ታሂያን ያስበልጡ ነበር። ሳሚያ መድረኩን ሙሉ ትዞረዋለች፤ ታሂያ ከቆመችበት ብዙም አትርቅም፣ ፊቷ እንደረጋ ሥራው ሁሉ የወገቧ ነው። ሁለቱም ያደጉት ባዲያ ማሳብኒ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1926 ካይሮ ላይ በከፈተችው የሙዚቃ ቤት መድረክ መሆኑን የሰማሁትም ከሐጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታሂያ ሞት በዜና ሲነገር ሐጋ እንደ እህት አለቀሱላት።

ዳንሱን በቅርብ ያወቅሁት ግን በፊልም አይደለም። የጎረቤት ልጅ ልትዳር ሆነና በሠርጓ ዋዜማ ለሕና ሌሊት ተጠራን። ሙሽራዋ እጅና እግሯን ዘርግታ ሕና ትቀባለች። አንዲት አክስቷ ጣብላ የሚባለውን ከበሮ ጭኗ ላይ አጋድማ ያዘችና መምታት ጀመረች፤ ከቆዳው መሐል «ዱም»፣ ከጠርዙ «ታክ»። ወዲያው እልልታው ቀለጠ። ያ እልልታ ከእናቴ አገር እልልታ የሚለይበት ነገር አልነበረውም፤ ዓይኔን ብጨፍን ጎንደር ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የተነሡት ልጃገረዶቹ ነበሩ። አማረባቸው። ከዚያ ልጆቿን አሳድጋ የዳረች፣ ሰውነቷ የሞላ አንዲት ጎረቤታችን ስትነሣ ሁሉም ቦታ ለቀቀላት። ሻሿን ከወገቧ ዝቅ አድርጋ ዳሌዋ ላይ አሰረች፤ ጉልበቷን ለስለስ አድርጋ ቆመች። ከቴፑ የአኮርዲዮን ድምፅ በዝግታ ሲጎተት ሆዷ ከድምፁ ጋር ቀስ እያለ ይዞራል። ጣብላው ገብቶ «ዱም» ሲል ዳሌዋ እዚያችው ላይ ይወድቃል፤ አንዲት ምት አታመልጣትም። ከወገቧ በላይ ያለው ገላዋ ጸጥ ብሏል። የምታየው ማንንም አይደለም፤ ፈገግታዋም ለራሷ ነው። እንደዚያች ሴት ያማረች ሴት ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

እኔ ባደግሁበት አገር ጭፈራ ከትከሻ ነው። እስክስታው ትከሻን፣ ደረትንና አንገትን ያንቀጠቅጣል፤ ወገብ ይረጋል። (የወላይታ ልጅ ብሆን ኖሮ እንዲህ ባልተገረምኩ ነበር፤ እነሱ ዘንድ ወገብ ጥንቱንም ይጨፍራል።) እናቴ ከአራስ ቤት ስትወጣ ሆዷን በመቀነት ጥፍር አድርጋ ታስር ነበር፤ ሆድ ሴት ልጅ የምትሰበስበው፣ የምትደብቀው ነገር እንደሆነ አውቄ አደግሁ። በዚያ ሳሎን ግን የወለደ ሆድ ሳይታሰር መሐል ወጥቶ ሴቶች አጨበጨቡለት፣ ልጆቿም እናታቸውን እያዩ አብረው አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ ሐጋ ኩሽና ውስጥ ያስተምሩኝ ጀመር። «ትከሻሽን ተዪው፣ እሱ የአገርሽ ነው» እያሉ ይስቃሉ። እጃቸውን ዳሌዬ ላይ አድርገው ስምንት ቁጥር ያስጽፉኛል፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ሩዙ እስኪበስል ድረስ ሳላቋርጥ። ምንጣፍ ስጠርግ፣ ባልዲ ሳነሣ፣ ወለል ስወለውል የምውል ልጅ ነበርኩና እስከዚያ ድረስ ወገቤን የማውቀው በሕመሙ ብቻ ነበር። በዚያች ኩሽና ወገቤ የሰው ሥራ የሚሠራበት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የራሴ ሆነ። አካሄዴ ተለወጠ፤ መስታወት ፊትም ቀና ብዬ መቆም ጀመርኩ። ሴትነቴን ያኔ ወደድኩት፤ ማንም ወንድ አይቶኝ፣ ማንም አመስግኖኝ አይደለም።

ይህን ዳንስ ባለሥልጣናት ሲያሳድዱት ኖረዋል። የግብፅ ገዥ መሐመድ አሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1834 የአደባባይ ዳንሰኞችን ከካይሮ ወደ ላይኛው ግብፅ አባርሯል። በ1950ዎቹ ደግሞ መድረክ ላይ የምትወጣ ዳንሰኛ ሆዷን በስስ ጨርቅ እንድትሸፍን ታዘዘ። ሕና ሌሊት ላይ ግን አያት ለልጅ ልጅ ማሳየቷን አልተወችም። የዳንሱ እውነተኛ ቤት እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። በመድረኩ ሊነቅፉት የሚቸኩሉ ሰዎች ያንን ቤት ቢያዩት እመኛለሁ።

ከአረብ አገር የሚመጣው ወሬያችን አብዛኛው የመከራ ነው፤ መነገርም አለበት። ግን በካይሮ፣ በቤሩት፣ በአማን ሳሎኖች ከሴቶች ጋር ወለል ላይ ቁጭ ብላችሁ ያጨበጨባችሁ፣ ተነሥታችሁም የጨፈራችሁ እህቶቼ ብዙ ናችሁ። ያንንም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ የምትችሉም ጻፉት።