ልብ ካላየ

መቼም ሰው የራሱን ሞኝነት በገዛ እጁ ጽፎ ለአንባቢ ሲያቀርብ ብዙ ጊዜ አይታይም። እኔ ግን የአንድ ብርጭቆ ሻይ ውርርድ ተሸንፌአለሁና፥ የተሸነፍሁበትም ምክንያት ከሻዩ ስለሚበልጥ፥ ነገሩን ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ለመናገር ተገድጃለሁ።

አንድ ቀን ከእራት በኋላ ከመኝታ ቤት ጓደኛዬ ጋራ ገበታ ዘርግተን፥ ታላላቅ የቼዝ ሊቃውንት በሞናኮ ገበታውን ሳያዩ ካደረጓቸው ጨዋታዎች አንዱን ከጽሑፍ እያነበብን እንከተል ነበር። አራት አምስት ሰዎችም ከበውን ቆመዋል። በመካከሉ ከተጫዋቾቹ አንዱ በመሐል ገበታ አምሮ የቆመውን ፈረሱን ወደ ኋላ መለሰው። እኔም ሳቅሁ። «ይህ ሰውዬ ፈረሱ የት እንደ ቆመ ጠፍቶበታል!» አልሁ። የቆሙትም ሳቁ። ጓደኛዬ ግን «አልጠፋበትም፤ የጠፋብህስ አንተ ነህ» አለኝ። በሻይ ተወራረድን።

አንባቢ እንዲፈርድ በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ፤ ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሳያዩ መጫወት ማለት የግድ ዓይንን በጨርቅ ማሰር አይደለም፤ ገበታውን ሳይመለከቱ እርምጃውን በቃል እየሰሙና እየተናገሩ መጫወት ነው። ፈረንሳዊው ፊሊዶር በ1783 ለንደን ላይ እንዲህ ሆኖ ሦስት ሰዎችን ባንድ ጊዜ ገጠመ። አሜሪካዊው ፖል ሞርፊ በ1858 ፓሪስ ላይ ስምንት ሰዎችን ገጥሞ ስድስቱን አሸነፈ፥ ከሁለቱ ጋራ እኩል ወጣ። ቍጥሩ እየጨመረ ሄዶ ናይዶርፍ በ1947 በሳኦ ፓውሎ 45፥ ቲሙር ጋሬዬቭ በ2016 በላስ ቬጋስ 48 አደረሱት። በእንዲህ ያለው ትርዒት የሚያስደንቀው የማስታወሱ ብዛት ነው እንጂ፥ ጨዋታው ራሱ ለመከተል እምብዛም አያስቸግርም። ሊቁ የሚጫወተው ከእርሱ ከሚያንሱ ሰዎች ጋራ ነውና፥ እነርሱ ይሳሳታሉ፥ እርሱ ይቀጣል።

የሞናኮው ግን ሌላ ነው። ከ1993 እስከ 2011 በየዓመቱ፥ በ2010 ወደ ኒስ ከመሄዱ በቀር፥ እዚያ ይደረግ በነበረው ውድድር ሊቅ ከሊቅ ጋራ ይገጥም ነበር፤ ሁለቱም አያዩም። አናንድ፥ ክራምኒክ፥ ኢቫንቹክ፥ ሞሮዜቪች፥ በኋላም ካርልሰን ተጫውተውበታል። ሁለቱ ተጋጣሚዎች በአንድ ቀን አንዱን ጨዋታ እያዩ፥ አንዱን ሳያዩ ይጫወታሉ፤ ለእያንዳንዱም ጨዋታ መነሻው 25 ደቂቃ ነው። ሳያዩ ሲጫወቱ በፊታቸው ያለው የኮምፒዩተር መስኮት ባዶ ገበታና የባላጋራውን የመጨረሻ እርምጃ ብቻ ያሳያቸዋል። ተመልካቹ ግን ጠጠሮቹን ሁሉ ያያል። እንግዲህ የሚያየው ግራ ሲጋባ የማያየው መንገዱን ያውቃል ማለት ነው!

የእኔ አስተያየት ቀላል ነበር፦ አካሄዳቸው እንግዳ የሆነብን ስለማያዩ ነው፤ ስለማያዩም ይሳሳታሉ። ይህን ሐሳብ ይዤ ስፈልግ ግን የሚያፈርሰውን አገኘሁ። ቻብሪስና ኸርስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሞናኮን ጨዋታዎች መርምረው በ2003 እንዳሳተሙት፥ ሊቃውንቱ በዝግታ ከሚጫወቱት ይልቅ በጥድፊያ ሲጫወቱ ስሕተታቸው ይበዛል፤ በጥድፊያ እያዩ በተጫወቱትና ሳያዩ በተጫወቱት መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሰዓት ማጣት ይጎዳቸዋል እንጂ ገበታ ማጣት ያን ያህል አይጎዳቸውም።

እንግዲያስ ምን ያያሉ? ፈረንሳዊው ቢኔ ይህንኑ ተጫዋቾቹን ጠይቆ በ1894 መጽሐፍ አውጥቶበታል። ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ የጠጠሮቹን ቅርጽና ቀለም በልባቸው አይሥሉም፤ የሚይዙት እያንዳንዱ ጠጠር ምን ማድረግ እንደሚችል ነው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ራሴን ልፈትን ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ጓደኛዬ በገበታው፥ እኔ በቃል ተጫወትን። እስከ ዘጠነኛው እርምጃ ደኅና ሄድሁ። በዐሥራ ሁለተኛው ግን ንግሥቴን አንሥቼ፥ ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ ከቦታው ያልተነቃነቀ ወታደር በሚበላበት ቤት አስቀመጥኋት። የጠፉብኝ ስማቸው ያልተጠራው፥ ዝም ብለው የቆሙት ነበሩ። የቀረልኝ ደግሞ ሥዕል አልነበረም፤ ይህ ያንን ይጠብቃል፥ ያ ይህን ያስፈራራል የሚል ክር ብቻ ነበር።

ወዲያው ያ ፈረስ ትዝ አለኝ። ገበታውን እንደገና ደርድረን ስናየው፥ በመሐል አምሮ የቆመው ፈረስ ለካ የራሱን ጌታ ግንብ መንገድ ዘግቶበት ኖሯል። ወደ ኋላ ሲመለስ ለግንቡ መንገዱ ተከፈተ። በኮምፒዩተርም ብናስመረምረው እርምጃውን መልካም ነው አለ። ዓይኔ የፈረሱን ውበት አየ እንጂ የተዘጋውን መንገድ አላየም። ውበቱን ማየት የማይችለው ሰው ግን የሚያስበው ስለ መንገዱ ነበር። አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ሲሉ ቼዝን አስበው ባይሆንም፥ ለእኔ በዚያ ሌሊት የደረሰልኝ ትርጓሜው ይህ ነው።

እንዲህ ስል ያልገባኝ ሁሉ ጥበብ ነው ማለቴ አይደለም። ሊቃውንቱም ንግሥታቸውን በከንቱ የሚሰጡበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ ስሕተቱን ስሕተት ማለት ይገባል። እኔን የሚያሳፍረኝ የሳቄ ፍጥነት ነው። ለምን ተመለሰ ብዬ ሳልጠይቅ ጠፍቶበታል ብዬ ፈረድሁ፤ የቆሙትም እኔን አምነው ሳቁ። በመማሪያ ክፍልስ፥ በክርክራችንስ መካከል፥ ያልገባንን ንግግር በሳቅ አባርረን ስንት ጊዜ በጭብጨባ ወጥተናል?

ሻዩን በማግሥቱ ከፍያለሁ። የሳቅሁት ግን በሰው ፊት ነበርና፥ ይህንንም በሰው ፊት ጻፍሁት።