ጠቢብና ጠይብ

የሰው ልጅ ከወዴት ተነሣ የሚለው ጥያቄ በዓለም የሳይንስ መድረክ ላይ በተነሣ ቁጥር የኢትዮጵያ ስም ሳይጠራ አይታለፍም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ሥፍራ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ስትሆን፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ እጅ ገብቷል። ከሐዳር ብዙም በማይርቀው በጎና ደግሞ የ2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተው፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም አስታውቀዋል። ከዚያ ወዲህ በኬንያ ሎሜክዊ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሚሆናቸው መሣሪያዎች መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ተገለጠ፣ የቀዳሚነቱ ክብር ወደ ጎረቤት ተሻግሯል። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ማን ቀደመ የሚለው ፉክክር አይደለም።

የመድረክና የግጥም ሰው እንደ መሆኔ፣ ከአጥንቱ ይልቅ ድንጋዩ ያነጋግረኛል። አጥንት «አንድ ሕያው ፍጡር እዚህ ነበረ» ይላል፤ የተጠረበ ድንጋይ ግን «አንድ ፍጡር እዚህ ተቀምጦ አሰበ» ይላል። የጎና ጠራቢ ከወንዝ ዳር ያገኘውን ጠጠር ሁሉ አላነሣም፤ ለመጥረብ የሚመቸውን፣ ቅንጣቱ የደቀቀውን ድንጋይ መርጧል። በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው መምቻ ድንጋይ አንሥቶ፣ ጠርዙን ከትክክለኛው ማዕዘን መታው፤ ስለታም ስባሪም ወደቀለት። ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1876 በጻፈው ጽሑፉ ሰውን ሰው በማድረግ ረገድ የሥራን ድርሻ ሲያስረዳ፣ እጅ የሥራ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሥራ ውጤትም መሆኑን አመልክቶ ነበር። ጎና በዚያን ጊዜ ገና ከአፈር በታች ነበረች።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሥፍራ፣ በዚህ ላይ ሌላ ምስክር ይጨምራል። በዚያ 700,000 ዓመት በሆነው ጭቃ ላይ የአዋቂዎችና የሕፃናት ዱካ ተቀላቅሎ ታትሟል። ዱካው የታተመው ድንጋይ በሚጠረብበትና የጉማሬ ሥጋ በሚበለትበት ሥፍራ ነው። አዋቂው ይጠርባል፣ ሕፃኑ አጠገቡ ይድሃል፣ ያያል። ከዚህ የበለጠ የትምህርት ቤት ታሪክ አላውቅም። ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈችው ልጅ ወላጁን ሲሠራ አይቶ ነው።

ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንዘልቅ፣ በመተማ ቆላ በሽንፋ ወንዝ ዳር ሌላ ማስረጃ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ74,000 ዓመት በፊት፣ በሱማትራ ደሴት ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ የሽንፋ ዳር ነዋሪዎች በበጋ ከወንዙ በተረፉት ኩሬዎች ዓሣ እየያዙ ክፉውን ዘመን ተሻግረዋል። ከመሣሪያዎቻቸው መካከል ትናንሽ ሦስት ማዕዘን ጫፎች ይገኛሉ፤ ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፎች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። የሽንፋ ውኃ ወደ ዓባይ ይገባል። በፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚወርዱት የላህና የብር ወንዞች ውኃም መድረሻው ዓባይ ነው። እንግዲህ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ የሩቅ ዘመኑን የሥራ ታሪክ ለማግኘት ከራሱ ወንዝ ተፋሰስ መውጣት አያስፈልገውም።

እንዲያውም ከጓሮው መውጣት አያስፈልገውም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በእርሻ ወራት፣ ገበሬው ጥንዱን በሬ ጠምዶ ይታያል። የተሸከመው ዕቃ የሥልጣኔ መጽሐፍ ነው። ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ድግሩና ቀንበሩ ከዛፍ የተገኙ ናቸው፤ ምራኑና ጅራፉ ከቆዳ፤ ማረሻው ከእሳት። እንጨት፣ ቆዳና ብረት፣ በተለያየ ዘመን የተገኙ ሦስት ግኝቶች፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተገናኝተዋል። በበሬ የሚጎተት የዚህ ዓይነት እርሻ በሜሶፖታሚያና በግብፅ ከ5,000 ዓመት በፊት ይታወቅ ነበር። የሚዘራው ጤፍ ግን የማንም ስጦታ አይደለም፤ የዱር ሣር የነበረውን እህል ያደረጉት የእነዚህ ደጋዎች ጥንታዊ ገበሬዎች ናቸው። ወደ ቤት ሲገባም ወፍጮው ከነመጁ የድንጋይን ዘመን ያስታውሳል። ምጣዱንና እንስራውን የሠራችው ሴት፣ የሜሶፖታሚያ ሸክላ ሠሪዎች ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የተጠቀሙበትን ተሽከርካሪ ገበታ ሳትይዝ፣ ክቡን በመዳፏና በዓይኗ ልክ ታወጣዋለች።

ታዲያ እነዚህን ሁሉ የሚሠራው ማነው? ምንስ ተብሎ ይጠራል?

በአንድ የገበያ ቀን ቡሬ ላይ አንድ አረጋዊ ቀጥቃጭ የዶለዶመ ማረሻ ሲያድሱ ቆሜ ተመለከትሁ። ብረቱ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ነው። ወናፉ ተነፋ፤ ብረቱ ቀላ፤ መስፉ ላይ ወጥቶ ተቀጠቀጠ፤ እንደገና እሳት ገባ፤ በመጨረሻም በጉጠት ተይዞ ውኃ ጠጣ። በአካባቢው ሙቀት የሚለካ መሣሪያ የለም።

«አባቴ፣ ብረቱ መድረሱን በምን ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«በመልኩ ነው ልጄ። አባቴ ያሳየኝ መልክ አለ፤ እሱን እጠብቃለሁ።»

«ልጅዎስ ይህን መልክ ያውቀዋል?»

ወናፉን ወደሚነፋው የጎረቤት ልጅ አየት አድርገው፣ «እሱማ ባሕር ዳር ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ የማያውቁት ዘንድ» አሉኝ።

ማረሻውን ያሳደሰው ገበሬ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። አረጋዊው የቀዱለትን ጠላ ግን አልቀመሰውም። ምክንያቱን የሚጠይቅም አልነበረም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እንመርምር። በግዕዝ «ጠቢብ» ማለት ዐዋቂ፣ ብልህ፣ አስተዋይ ማለት ነው። ሰሎሞን በጠቢብነቱ ይወደሳል። በአማርኛ ከዚሁ ሥር «ጥበብ» አለን፤ በሸማኔው እጅ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚወጣው ጌጥ «ጥበብ» ይባላል፤ እኛ ጸሐፊዎችና ተዋንያንም «የጥበብ ሰዎች» ስንባል ደረታችን ይነፋል። ያው ቃል ግን ወደ ብረት ሠሪውና ወደ ሸክላ ሠሪዋ ሲደርስ «ጠይብ» ሆነ፤ ጠይብም ስድብ ሆነ። ቃሉ የወረደው ጥበቡ ስለ ቀነሰ አይደለም። መሬት ያለው መሬት የሌለውን፣ ምርቱን የሚሰበስበው መሣሪያውን የሚሠራለትን ሲንቅ፣ ቋንቋውም አብሮ ናቀ። ያለ እሱ ማረስ የማይችል ኅብረተሰብ፣ ለዚያ ጥገኝነቱ ምሥጋና በመክፈል ፈንታ ፍርሃት ከፈለ።

ይህን ነቀርሳ ያዩ መሪዎች አልጠፉም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ባለሙያዎችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ድንቅነሽ ከተገኘች ልክ በ100ኛው ቀን፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ደግሞ መሬት በግል ጉልበቱ ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ እንዲሰጥ ደነገገ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሰውን ዘር ጥንታዊ አፅምና የአራሹን መብት አየን። ነገር ግን ዐዋጅ መሬት ሊያከፋፍል ይችላል፤ አንድ ማዕድ ላይ ሊያስቀምጥ ግን አልቻለም።

«የሞፈርና የቀንበር ዘመን ማለፍ አለበት፤ ቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የቆመባት ከተማ ሆናለች፤ ታዲያ ለቀጥቃጭ ማልቀስ ኋላ ቀርነትን ማወደስ አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። የገበሬውን ድካም የሚያውቅ ሰው ሞፈርን አያመልክም፤ ማለፉንም ይመኛል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ማረሻችን ይህን ያህል ዘመን መልኩን ሳይለውጥ ለምን ኖረ? ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። እንደ እኔ እምነት ግን አንዱ ይህ ነው፤ አፈሩን የሚያውቀውና ብረቱን የሚያውቀው በአንድ ገበታ አልተቀመጡም። ገበሬው «ይህ ማረሻ ከመሬቴ ጋር አልተስማማም» ብሎ፣ ቀጥቃጩም «እንግዲያው እንዲህ ብናደርገውስ» ብሎ፣ ጠላ እየጠጡ የሚከራከሩበት ምሽት አልነበረም። ግኝት የሚወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ ክርክር ነው። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ሲያስመቱ፣ የንጉሡን መልክ በዚያች ትንሽ ማዕድን ላይ የቀረጸው እጅ የብረታ ብረት ሠሪ እጅ ነበር። የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ የሠሪውን አናውቅም። ነገ የሚተከለውን ፋብሪካ መዘውር የሚያድሰውም ያው እጅ መሆን አለበት። ተንቆ ከተሰደደ ግን ለእያንዳንዷ ብሎን ባሕር ማዶ ስንመለከት እንኖራለን።

ስለዚህ ሥራው በእጃችን ነው። ስለ ጎና ድንጋይ የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪዎቹን ወደ ቅርቡ ወናፍ ይውሰዳቸው፤ የ2.6 ሚሊዮን ዓመቱ ትምህርት እዚያ እየተሰጠ ነው። በየቀበሌው ሕዝብ የሚያወያይ ካድሬ፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ከበር አጠገብ ሳይሆን ከአራሹ ጎን ያስቀምጣቸው፤ በቀረበው ጽዋም መጀመሪያ እርሱ ይጠጣ። የጥበብ ሰዎች ነን የምንል ደግሞ ጠይብን በመድረካችን ላይ ጅብ ሆኖ የሚያስፈራ ወይም የሚያስቅ ገጸ ባሕርይ ማድረጉ ይብቃን። ብረት የሚያቀላ፣ የሚጨነቅ፣ የሚያስብ፣ ልጁ ጥሎት የሄደ አባት አድርገን እናቅርበው። የተቀበልነው የክብር ስም መጀመሪያ የእርሱ ነበርና፣ ስሙን መልሰን ልንሰጠው ዕዳ አለብን።