አምስት ዲግሪ

የአባቴ ላዳ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ቤንዚን በጨመረ ቁጥር አባቴ መጀመሪያ የሚፈትሸው ኪሱን ሳይሆን ሞተሯን ነው። "እሳቷ ዘግይቷል" ይላል። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካንዴላው እሳት ሲረጭ ቤንዚኑ ባንዴ ነዶ አያልቅም፤ ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ደግሞ ክራንኩ በአንድ ሺኛ ሰከንድ 18 ዲግሪ ይሄዳል። ስለዚህ እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ቀድሞ መነሳት አለበት። ከዘገየ ጉልበቱ በጭስ ማውጫው ይባክናል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ቤንዚን ይበላል። ከቀደመ ደግሞ ግፊቱ ፒስተኑን ገና ሽቅብ እየወጣ ይቀበለዋል። ያኔ ዳገት ላይ ጣሳ ውስጥ ያለ ጠጠር ዓይነት ድምፅ ትሰማላችሁ።

ላዳ ላይ ማስተካከያው ቀላል ነው። ሞተሩ ፊት፣ ፑሊው አጠገብ ሦስት ምልክቶች አሉ፦ 10፣ 5 እና 0 ዲግሪ። ዲስትሪቢዩተሩን የያዘውን ብሎን በ13 ቁልፍ ላላ አድርጎ ትንሽ ማዞር ነው። ትንሽ ማለት፣ የጥፍር ያህል።

ግን ላዳ የተሠራችው ቮልጋ ወንዝ ዳር፣ ቶሊያቲ፣ ዝቅ ያለ አገር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ስስ ሲሆን እሳቱ ቀስ ብሎ ይዛመታል፤ ሞተሩም ቶሎ አይመታም። ለዚህ ነው የኛ ሰፈር መካኒኮች ጥቂት ዲግሪ የሚያስቀድሙት። አየር ጤና በሚባል ሰፈር አየር ያጠረው ሞተር፣ ቀልድ አይደለም?

ጣጣው ቁልቁል ሲወረድ ነው። አንድ ጊዜ አባቴ ወደ መተሐራ ኮንትራት አገኘ። መተሐራ ከባሕር ጠለል 1,000 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም ከባድ። ዋዜማውን ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ያለ ልጅ እግር መካኒክ፣ "ጋሼ፣ እንዲያውም ትንሽ ልጨምርላት፤ ትጎትትልዎታለች" አለው።

"መልስልኝ" አለ አባቴ።

"ላዳ ናት እኮ፤ ምን ትሆናለች?"

"ላዳማ ናት። የቤት ኪራዬም ናት።"

ልጁ ስቆ መለሰለት። በማግስቱ አዳማን አልፈን ስንወርድ አባቴ ሬዲዮ አስከፍቶኝ አያውቅም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል። አንድ ፒስተን ቢቀደድ የሦስት ወር ኪራይ እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። አሁን ሰፈራችን ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪኖች ኮሽታ ሳያሰሙ ያልፋሉ። ካንዴላ የላቸውም፣ የሚቀድም የሚዘገይ እሳትም የላቸውም። ጥሩ ነው፤ ጭሱን ማን ይወደዋል? አባቴም አይጠላቸውም። አንዷ ባለፈች ቁጥር ግን አንገቱን አዙሮ ጆሮውን ይሰጣታል። የሚሰማው ነገር የለም።