ስለ አምሮት

ሰው ትልቁን ፈተና ሲጠብቅ በትንሹ ይሰናከላል። ከአንበሳ ጋራ ቢገናኝ ምን እንደሚያደርግ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ከትኩስ ዳቦ ጋራ ቢገናኝ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔም ካላሰቡት ወገን ነበርሁ። ስለዚህ፣ ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጀግኖች ጦርነት ሳይሆን ከአንድ ቁራሽ ዳቦ ጋራ ስላደረግሁት ረዥም ትግል ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁ አትናቁት፤ እኔን ብዙ ያስተማረኝ ይኸው ትንሹ ነገር ነውና።

አስቀድሜ ረኃብና አምሮት ልዩ ልዩ መሆናቸውን ልናገር። ረኃብ ከሆድ ይመጣል፤ ያገኘውን ይበላል፤ ሲጠግብም ዝም ይላል። አምሮት ግን ሆድ ሞልቶ ሳለ እንኳ ይመጣል፤ የሚመኘውንም በስሙ ጠርቶ «ያ ካልሆነ ሌላ አልሻም» ይላል። የተራበ ሰው ጎመን ቢሰጡት ይመርቃል፤ ያማረው ሰው ግን ጎመኑን ገፍቶ ዳቦውን ይጠይቃል። እርጉዝ ሴት አንድ ነገር ሲያምራት ጎረቤት ሁሉ ሮጦ የሚፈልግላት፣ የአምሮትን ብርታት አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለሚያውቁት ነው።

አርባ ስድስት ዓመት በሆነኝ ጊዜ የውኃ ጥም በረታብኝ፤ ሌሊት ለሽንት መነሣት አበዛሁ፤ ሰውነቴም ያለ ምክንያት ከሳ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ደሜ ቢመረመር የስኳር በሽታ መሆኑ ታወቀ። በሽታው ለቤታችን እንግዳ አልነበረም። አባቴ በዚሁ ደዌ አንድ እግሩን አጥቷል። መነሻውም ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ነበር፤ እግሩ ደንዝዞ ስለ ነበር ሕመሙ ሳይሰማው ቁስሉ እያመረቀዘ ሄደ፤ በመጨረሻም መቁረጥ ግድ ሆነ። እንግዲህ ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግረኝ እኔ የማየው ወረቀቱን ሳይሆን ከአባቴ አልጋ ሥር ብቻዋን የቀረችውን አንዲት ጫማ ነበር።

ሐኪሙም «መድኃኒቱን እኔ እሰጥዎታለሁ፤ የምግቡን ነገር ግን እርስዎ ካልረዱኝ ብቻዬን አልችለውም» አለኝ። እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ፓስታውን፣ ሩዙንና ድንቹን በብዙ እንድቀንስ፣ ስኳሩንም እንድተው ነገረኝ። እንጀራን ከስኳር ጋራ መቁጠሩ ገረመኝ፤ እንጀራ ይኮመጥጣል እንጂ አይጣፍጥምና። በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ጤፍ ብረትና አሰር ያለበት መልካም እህል ነው፤ ይሁን እንጂ ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት የሚባለው ነው። ይኸውም በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። በጤነኛ ሰው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን እያመነጨ ስኳሩ ከደም ወጥቶ ለሰውነት ኃይል እንዲሆን ያደርጋል፤ በእኔ ዘንድ ግን ይህ ሥራ ተጓድሏል። ስለዚህ ምላሴ ኮምጣጣ ነው ያለውን ደሜ ጣፋጭ ይለዋል።

እንጀራ ቀንስ ማለት ለእኛ ቀላል ቃል አይደለም። ሥራ ያገኘ ሰው «እንጀራዬን አገኘሁ» ይላል፤ ከሥራው የተባረረም «እንጀራዬን ቆረጡብኝ» ይላል። ኑሮና እንጀራ በአፋችን አንድ ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር የሚጠራኝ መሰለኝ። ከሥራ ስመለስ ማታ ማታ በአንድ ዳቦ ቤት በር አልፍ ነበር፤ ሽታው ገና ከማዶ ሲቀበለኝ ምራቄ ይሞላል። በቤትም ቡና ሲቆላ ፈንዲሻውና ሦስት ማንኪያ ስኳሩ አብረው ትዝ ይሉኛል። ኢቫን ፓቭሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ፣ ውሻ ምግቡ ሳይቀርብ ምግብ መምጣቱን የሚያስታውቀውን ምልክት ብቻ ሰምቶ ለሃጩ እንደሚወርድ አሳይቷል። ይህን ታሪክ ተማሪ ሳለሁ ስሰማ በውሻው ስቄ ነበር። የዳቦ ቤቱ ሽታ ለእኔ ያው ምልክት መሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ግን ሳቄ ቀረ።

በዚህ ትግል ሁለት ስሕተት ሠራሁ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ትዕቢት ነው። «ሐኪሙ ቀንስ ካለኝ እኔ ፈጽሜ ልተወው፤ ወንድነቴም ይታይ» ብዬ እህል ሁሉ ተውሁ። ይህም ሳይበቃኝ ቁርስ አቆምሁ፤ ምሳዬንም በጥቂት ጎመን ለወጥሁ። «ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል» የሚለውን ተረት ረሳሁት። አምሮቱም እንደ መድከም ፈንታ በረታ፤ በሕልሜም ዳቦ አየሁ። ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1944 እና በ1945፣ 36 ጤነኛ ጎልማሶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው ተቀንሶ ሲጠኑ፣ አሳባቸው ሁሉ ወደ ምግብ ዞረ፤ ስለ ምግብ ማለምና ስለ ወጥ አሠራር የተጻፉ መጻሕፍትን ማንበብ ሥራቸው ሆነ። የተራበ ሰው ከአምሮት ጋራ ልታገል ቢል እጁን ታስሮ እንደ መታገል ነው።

የትዕቢቴ ዋጋ ግን ከሕልም አልፎ መጣ። ምግቡን ስቀንስ ለሐኪሙ አልነገርሁትም፤ ስኳር የሚያወርደውንም ክኒን በፊት በነበረው መጠን እውጥ ነበር። አንድ ቀን በሚኒባስ ታክሲ ተሳፍሬ ስሄድ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ላብ አጠመቀኝ፤ የሰዎቹም ድምፅ ራቀብኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ስኳር አለብህ እንዴ?» አሉኝ። ራሴን ብነቀንቅላቸው በመስኮቱ በኩል አንድ ሱቅ በደረቴ ጠርተው ከረሜላ ገዙና በአፌ አደረጉልኝ። ጥቂት ቆይቼ ነፍሴ ተመለሰች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጠላቴ ያልሁት ስኳር በዚያች ሰዓት አዳኜ ሆነ። ሐኪሙም «ምግብ ሲቀንሱ መድኃኒቱም ተመዝኖ መቀነስ አለበት፤ ሳይነግሩኝ እንዲህ ያለ ነገር አይጀምሩ» ብሎ ገሠጸኝ። መከልከልም መጠን ካጣ እንደ መብላት ይገድላል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ ይብሳል። አንድ ሌሊት በሰባት ሰዓት ያህል ተነሥቼ በእግሬ ጣት እየተራመድሁ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። በጨርቅ ከተሸፈነው ድፎ ዳቦ ቆርሼ፣ ገና አንዱን ጎርሼ ሁለተኛውን በእጄ እንደያዝሁ መብራት በራ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ውኃ ልትጠጣ መጥታ ኖሯል።

«አባዬ፣ አንተ አትብላ ተብለህ የለም?» አለችኝ።

«ለድመቷ ላወጣላት ነው» አልኋት፤ አፌ ሞልቶ ስለ ነበር ቃሉ እንኳ በደንብ አልወጣም።

በማግሥቱ ልጄ ከዳቦው ቆርሳ ለድመቷ አቀረበችላት። ድመቷም አሽትታ ትታው ሄደች። ልጄ ወደ እኔ ቀና ብላ አየችና ምንም ሳትናገር ቁራሹን አንሥታ ወደ ማድ ቤት መለሰችው። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። «ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል» ሲባል እሰማ ነበር፤ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ገንዘቤ በተገዛ ዱቄት ሌባ እሆናለሁ ብዬ ግን አላሰብሁም። ዳቦው ደሜን ጎዳ፤ ውሸቱ ግን ልጄ በእኔ ላይ ያላትን እምነት ጎዳ። ለደሙ መድኃኒት አለው።

በኋላ አንድ ታሪክ አነበብሁ። ኢንሱሊን በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ሳይገኝ በፊት፣ የስኳር በሽተኛን ዕድሜ ማራዘሚያው ምግብን እጅግ ማሳነስ ብቻ ነበር። በኒው ዮርክ ይህን ሕክምና የሚመራው ዶክተር ፍሬደሪክ አለን ስለ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ጽፏል። ልጁ በበሽታው ዓይኑ የጠፋ ነበር፤ በክፍሉ ተዘግቶበት ምግቡም ተቆጥሮ እየተሰጠው ስኳሩ አልወርድ አለ። ነገሩ ሲመረመር ልጁ የጥርስ ሳሙናና ለካናሪ ወፍ የተቀመጠውን ጥሬ በስውር ይበላ ኖሯል። ሐኪሞቹ የሚጠብቁት በሩን ነበር፤ እርሱ ግን የሚኖረው ከረኃቡ ጋራ ነበር። ይህን ሳነብ አለቀስሁ። ያ ልጅ በረኃብ ጨክኖ ነው፤ ማንም አይፈርድበትም። እኔ ግን በጓዳዬ እንቁላልና ዓይብ፣ ጎመንና ሥጋ ሳለ የሰረቅሁ ነኝ።

በዚያው ማታ ልጄን ጠርቼ «ድመቷ እኔ ነበርሁ» አልኋት። ሳቀች፤ ቀጥላም አቀፈችኝ። ለባለቤቴም ነገርሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ስለ ቁስል ብቻ አለመሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ።

ከዚያ ወዲህ የረዳኝን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጠዋት እንቁላል በጎመን ወይም ዓይብ ጠግቤ እበላለሁ፤ የጠገበ ሰው ከአምሮት ጋራ የሚታገለው በሙሉ ጉልበቱ ነውና። በጾም ወራት እንቁላሉና ዓይቡ ሲቀሩ ነገሩ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ አትክልቱን አበዛለሁ፤ ምስሩንና ሽሮውንም ሐኪሙ እንደ መጠነልኝ እበላለሁ። ከእንጀራም ፈጽሜ አልተለየሁም፤ ሩቡ ይበቃኛል። ማታም በዳቦ ቤቱ በር ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ እዞራለሁ። ሰዎች ይህን ፍርሃት ይሉታል፤ እኔ ግን ብልሃት እለዋለሁ። ዋልተር ሚሼል የተባለ ሊቅ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትንንሽ ልጆችን ከጣፋጭ ፊት አስቀምጦ «ከታገሣችሁ ሁለት ታገኛላችሁ» ብሎ በፈተናቸው ጊዜ፣ ጣፋጩን ትኩር ብለው ያዩት ቶሎ ተሸነፉ፤ ፊታቸውን ያዞሩት ወይም የዘፈኑት ግን ቆዩ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የልጅ የወደፊት ዕድል በዚህ ብቻ እንደማይለካ ቢያሳዩም፣ ዓይንን ማዞር ጡጫን ከመጨበጥ እንደሚሻል እኔ በራሴ አይቻለሁ። አምሮቱ በመጣም ጊዜ አልሰድበውም፤ ውኃ እጠጣለሁ፤ እስከ ውጭው በር ሄጄ እመለሳለሁ። አምሮት እንደ መንገድ ዝናብ ነው፤ ጥግ ይዞ ለሚጠብቀው ያባራል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የሰው ፍቅር ነበር። በአንድ ሠርግ ላይ አክስቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው መጡና «በሞቴ! አፈር ስሆን!» አሉኝ። በፊት ብሆን ወይ እጎርስ፣ ወይ በውሸት «ሆዴን አሞኛል» እል ነበር። ያን ቀን ግን እጃቸውን ይዤ «እትዬ፣ የአባቴ እግር ትዝ ይልዎታል?» አልኋቸው። እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸውና ያን እግር ያጠቡት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያም ጉርሻውን ለጎረቤቴ ሰጡና ከዶሮው ወጥ ውስጥ እንቁላሉን ለይተው አንሥተው አጎረሱኝ። እኔ ፍቅራቸው በእንጀራው ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ፍቅሩ ግን በእጃቸው ውስጥ ነበር።

እናንተ ወጣቶች ምናልባት ይህ በሽታ የለባችሁ ይሆናል፤ አምሮት የሌለበት ሰው ግን የለም። የአንዱ በመጠጥ ነው፤ የሌላው በጨዋታ ነው፤ የሌላውም በሰው ዘንድ በመመስገን ነው። እኔ የምላችሁ ይህ ነው። ባማራችሁ አትፈሩ፤ ማማር ኃጢአት አይደለም። ለብቻችሁም አትታገሉት። ብትወድቁ ተነሡና የወደቃችሁበትን ቦታ ለሚወዳችሁ ሰው አሳዩ። ውድቀቱን በውሸት የሸፈነ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ወደቀ።

አምሮቱ ዛሬም ፈጽሞ አልተወኝም። ስኳሬ ወርዶ ሐኪሙ ክኒኑን ቀንሶልኛል፤ ሆኖም ትኩስ ዳቦ ሲሸተኝ ምራቄ አሁንም ይሞላል። አልፎ አልፎ ከልጄ ጋራ ዳቦ ቤት ሄደን ለቤት እንገዛለን፤ ሙቀቱ በብብቴ ሥር እየተሰማኝ ተሸክሜው እመጣለሁ። እርስዋም በመንገድ ላይ ቀና ብላ ታየኝና «አባዬ፣ ለድመቷ ነው?» ትለኛለች፤ ሁለታችንም እንስቃለን።