የአሮጌ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን የበር ጎማና ሻጋታው

የዕቃ ማጠቢያ ማሽን በር ሲዘጋ ውሃው ወደ ወለሉ እንዳይፈስ የሚያግደው በበሩ ዙሪያ የሚገኘው ጎማ ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች ይህ ጎማ አንድ ወጥ ቁራጭ አይደለም። ረጅሙ ከገንዳው አፍ ግራ ታች ተነሥቶ በላይ በኩል ዞሮ እስከ ቀኝ ታች ይወርዳል። አጭሩ ደግሞ በበሩ የታች ጠርዝ ላይ አግድም ይዘረጋል። ሁለቱ የሚገናኙት በታች ባሉት ሁለት ማዕዘኖች ነው። ማሽኑ ዕድሜ ጠገብ ከሆነ እነዚህን ማዕዘኖች በነጭ ጨርቅ አንዴ መጥረግ የውስጡን ሁኔታ ያሳያል፤ ጨርቁ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይወጣል፣ ሽታውም እንደ ታፈነ ምድር ቤት ነው።

ዕቃ የሚያጥብ ማሽን የራሱን በር ሳያጥብ የሚቀረው ለምን እንደሆነ ለመረዳት የውሃውን መንገድ መከተል ይበቃል። ከሥርና ከመሃል የሚሽከረከሩት ክንዶች ውሃውን የሚረጩት ወደ ሳህኑና ወደ ብርጭቆው ነው። የበሩ የታች ጠርዝ ግን ከዚያ ርጭት ውጭ ነው። ወደዚያ የሚደርሰው ከሳህን ላይ ተንጠባጥቦ በበሩ ገጽ ተንሸራትቶ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ ብቻ ነው። እጥበቱ ሲያልቅ ሌላው ሁሉ በንጹሕ ውሃ ተለቃልቆ ሲደርቅ፣ ይህ ጠርዝ ፍርፋሪውን፣ ስቡንና እርጥበቱን እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ ሳህኑ እያብለጨለጨ ቢወጣም የበሩ ጎማ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ሻጋታ ለመኖር የሚያስፈልገው እርጥበት፣ ሙቀትና ምግብ ነው። ምግቡ በዋናነት ስብና ስታርች ነው። ቅቤና ዘይት የበዛበት ወጥ የነካው ድስት ወደ ማሽኑ ሲገባ ስቡ በሙቅ ውሃ ይቀልጥና፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ በጎማው እጥፋት ውስጥ ይረጋል። የእንጀራ ሊጥ የተቦካበት ዕቃም ሳይለቀለቅ ከገባ ያንኑ ያህል ስታርች ያመጣል። ውሃው ማዕድን በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ ነጭ የኖራ ቅርፊት ይጨመርበታል። ቅርፊቱ ሸካራ ስለሆነ ሻጋታው የሚጨብጠው ነገር አያጣም።

ጉዳዩ የአንድ ሰነፍ ቤት ችግር እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። በስሎቬኒያ የሉብሊያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ይህ ሥራ በ18 አገሮች፣ በ101 ከተሞች የሚገኙ 189 የቤት ዕቃ ማጠቢያ ማሽኖችን የበር ጎማ መርምሯል። በ62 በመቶዎቹ ላይ ፈንገስ ተገኝቷል፤ ፈንገስ ከተገኘባቸው መካከል ደግሞ 56 በመቶዎቹ ኤክሶፊያላ የሚባሉትን ጥቁር እርሾ መሰል ፈንገሶች ይዘዋል። እነዚህ ፈንገሶች ከፍተኛ ሙቀትን፣ ጨውንና የማጠቢያ ኬሚካልን የሚቋቋሙ ናቸው። ለጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስፈሩ አይደሉም። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው ሳንባን የሚጎዳ በሽታ ላለበት፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ወይም አስም ላለበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ቤት ጎማውን የሚያጸዳው ሌላ የቤተሰብ አባል መሆን አለበት።

ማሽኑ ሲያረጅ ችግሩ የሚብሰው በጎማው ምክንያት ነው። ለዓመታት ሙቀትና ኬሚካል የተፈራረቀበት ጎማ ይደርቃል፣ ይጠጥራል፣ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆችም ያበጃል። ሻጋታው ስንጥቁ ውስጥ ሥር ሲሰድ ከላይ የሚደረገው መጥረግ አይነካውም። ማሽኑን ሳይጠቀሙ ማኖርም ከዚህ የማይተናነስ ጉዳት አለው። በአሜሪካ የኪራይ አፓርታማዎች ማሽኑ ከቤቱ ጋር ስለሚመጣ፣ ዕቃን በእጅ ማጠብ የለመዱ ኢትዮጵያውያን እንደ ዕቃ መደርደሪያ የሚገለገሉበት ቤት ጥቂት አይደለም። እርጥብ ዕቃ ተደርድሮ በሩ ሲዘጋ፣ ሙቅ ውሃ ሳይነካው ለሳምንታት ሲቆይ፣ ለሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም።

ጽዳቱ የሚጀምረው ኤሌክትሪኩን ከማጥፋት ነው። ሶኬቱ የማይደረስበት ከሆነ የማሽኑ ብሬከር ይጠፋል። የታችኛው መደርደሪያ ይወጣል፣ መስኮት ይከፈታል፣ የጎማ ጓንት ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሚወሰነው በቅደም ተከተሉ ነው፤ ብዙ ሰው የሚደክመውም እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። ጠንካራ የሚባለውን ኬሚካል ይዞ በቀጥታ ጥቁሩ ነገር ላይ ያፈሳል። ሻጋታውን የሸፈነው ስብና ልጋግ ግን ኬሚካሉን ከላይ ያስቀረዋል። በሳምንቱ ጥቁሩ ሲመለስ ኬሚካሉ ደካማ ነው ተብሎ የባሰ ጠንካራ ይፈለጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ተራው ፈሳሽ ሳሙና ነው። በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ ሳሙናና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ተይዞ ጎማው በጣት እየተገለበጠ እጥፋቱ ይፈተጋል። ብሩሽ የማይገባበት ቦታ ጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይገባል። የበሩ የታች ጠርዝ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከሥሩም መታየት አለበት፤ በሩ ግማሽ ተከፍቶ በስልክ መብራት ከታች ሲታይ ከላይ ያልታየ ብዙ ጥቁር ነገር ይገኛል። በሩ የሚታጠፍበት ማጠፊያ አካባቢም እንዲሁ። ጨርቁ በየጊዜው እየተለቀለቀ ቆሻሻው ከቦታ ቦታ ከመዛወር ይልቅ እንዲወጣ ይደረጋል። ደረቅ ሻጋታን በደረቅ ብሩሽ መፈተግ ዘሩን ወደ አየር ስለሚበትን አስቀድሞ ማርጠብ ይገባል። ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ የውጤቱ አብዛኛው ግን የሚገኘው ከዚሁ ነው።

ስቡ ከተነሣ በኋላ የሻጋታ መግደያው ተራ ይደርሳል። ከፋርማሲ የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይመረጣል፤ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ውሃና ኦክስጅን ስለሚለወጥ መጥፎ ሽታ አይተውም። ጎማው ላይ ይረጫል ወይም በእሱ የተነከረ ጨርቅ ይለጠፍበታል፣ ከ10 ደቂቃ ያላነሰ ይቆያል፣ ከዚያ ይፈተግና በውሃ ይጠረጋል። አቼቶ የኖራ ቅርፊትን በማሟሟት ጥሩ ነው። ሻጋታን በመግደል ግን እንደሚወራለት አይደለም፤ አሲድነቱም በተደጋጋሚ ለረጅም ጊዜ ሲነካው አንዳንዱን ጎማ ይጎዳል። ስለዚህ ቅርፊቱ ባለበት ቦታ ለአጭር ጊዜ ተቀብቶ በውሃ መታጠብ አለበት። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶን አንድ ላይ ማፍሰስ አረፋው ያስደስታል እንጂ ብዙ አይጠቅምም። አንዱ አሲድ ሌላው ቤዝ በመሆኑ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ የሚቀረውም ከሞላ ጎደል ጨዋማ ውሃ ነው። ሶዳው ብቻውን በትንሽ ውሃ ሊጥ ተደርጎ ቢፈተግበት ይሻላል።

በረኪና የመጨረሻ አማራጭ ነው። ገንዳው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ከሆነ ክሎሪን ብረቱን ስለሚበላ ባይነካው ይመረጣል። ፕላስቲክ ገንዳ ባለው ማሽን፣ አምራቹ ካልከለከለ፣ በ1 ሊትር ውሃ ከ60 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ በረኪና ተበጥብጦ በጨርቅ ጎማው ላይ ብቻ ይቀባና በደንብ ይታጠባል። እዚህ ላይ ለቀልድ የማይመች ነገር አለ። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በጠባብ ኩሽና ጭንቅላትን ገንዳ ውስጥ አግብቶ የሚሠራ ሰው ይህን ጋዝ በቅርብ ነው የሚስበው። ጠዋት አቼቶ የነካውን ቦታ በብዙ ውሃ ሳያጥቡ ከሰዓት በረኪና መቀባትም ያው ነው። አቼቶና ፐሮክሳይድም ቢሆኑ በአንድ ጠርሙስ መቀላቀል የለባቸውም፤ ዓይንንና ሳንባን የሚያቃጥል አሲድ ይሆናሉ።

ጎማው ከጸዳ በኋላ ማጣሪያው ወጥቶ ይታጠባል። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ከገንዳው ሥር ተጠምዝዞ ይነሣል፤ በአንዳንድ የቆዩ የአሜሪካ ማሽኖች ግን ፍርፋሪውን የሚፈጭ ክፍል ስላለ የሚወጣ ማጣሪያ የላቸውም። ቀጥሎ ማጣሪያው ተመልሶ ይገባል፣ ኤሌክትሪኩ ይበራል፣ ማሽኑም ባዶውን በሞቃቱ ፕሮግራም ይሠራል። በአሜሪካ ማሽኑ የሚገጠመው ከሙቅ ውሃ መስመር ጋር ስለሆነ፣ ከማስነሣት በፊት የሲንኩን ሙቅ ውሃ እስኪሞቅ ማፍሰስ ይጠቅማል። በአውሮፓ አብዛኛው ማሽን ቀዝቃዛ ውሃ ተቀብሎ ራሱ ያሞቃል። በአሜሪካ ጀርም ይገድላል ተብሎ የተመሰከረለት የቤት ማሽን የመጨረሻ እጥበቱ ቢያንስ 150 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 66 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። ይህ ሙቀት ገንዳውን በደንብ ይጠቅማል። የበሩን የታች ጠርዝ ግን በዚያው መጠን ስለማይደርሰው በእጅ የሚደረገውን ጽዳት አይተካም።

ሻጋታው እንዳይመለስ የሚያደርገው መድረቅ ነው። የዕለቱ የመጨረሻ እጥበት ሲያልቅ ጎማውና የታች ጠርዙ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ በሩም ጥቂት ገርበብ ብሎ ይተዋል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ሳሙናውና ቢላዋው አስቀድሞ መነሣት አለበት። ማሽኑን በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ማሠራት ሥሩ ያለው ውሃ እንዳይከርም ያደርጋል። እጥበቱ ካለቀ በኋላ ገንዳው ሥር ብዙ ውሃ ተኝቶ የሚታይ ከሆነ ግን ማጣሪያው ወይም የፍሳሽ ቱቦው ተደፍኗል፣ ወይም ቱቦው ከሲንኩ ሥር ከፍ ብሎ ባለመታሰሩ የሲንኩ ቆሻሻ ውሃ ተመልሶ ይገባል። ይህ ሳይስተካከል ጎማውን ማጽዳት ድካም ብቻ ነው።

ከጽዳት በኋላ የሚቀር ጥቁር ምልክት ሁሉ ሕያው ሻጋታ አይደለም። ቀለሙ ጎማው ውስጥ ሰርጎ ሊቀር ይችላል፤ ሽታ ከሌለውና በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ካልለቀቀ ሊተው ይችላል። ጎማው ከተሰነጠቀ፣ ተጨፍልቆ ከቀረ ወይም ውሃ ካሳለፈ ግን መቀየር አለበት። በኪራይ ቤት ይህ ብዙ ጊዜ የአከራዩ ሥራ ስለሆነ ማሳወቅ ይቀድማል። በራስ ቤት የሚቀይር ሰው በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ይዞ ትክክለኛውን ጎማ ይገዛል። በብዙ ሞዴሎች ረጅሙ ጎማ ያለ ማጣበቂያ የሚሰካ በመሆኑ በእጅ ሲሳብ ይወጣል። ጎማው የተሰካበት ቦይ በሳሙናና በፐሮክሳይድ ይጸዳና ይደርቃል። አዲሱ ጎማ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲለሰልስ ከላይ መሃል ተጀምሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጫነ ይገባል፤ ከአንድ ወገን እየተለጠጠ ከተሰካ በሌላው ጫፍ ያጥራል ወይም ይተርፋል። ከዚያ አጭር እጥበት ተደርጎ የበሩ ሁለት የታች ማዕዘኖችና ከሥራቸው ያለው ወለል በደረቅ ወረቀት ይፈተሻል።