ቆዳ ነው፣ ይለቃል

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲቀላ ገበያ አዲስ ቡትስ ጫማ ገዛሁ። ስለካው ፊቱ ጠበብ፣ ተረከዙ ላላ ያለ መሰለኝና ለሻጩ ነገርኩት። «ቆዳ ነው፣ ይለቃል» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል ስለሆነ ሳልከራከር ከፈልኩ። እናቴም ለመስቀል ጫማ ስትገዛልኝ እንዲሁ ትለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እስከ ዶርዜ በመኪና ወጥቼ ወደ ጨንቻ በእግሬ ቀጠልኩ። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ወጥቶ እዚያ ጉም ውስጥ መግባት ደስ ይለኛል፤ እንሰቱ፣ ቀርከሃው፣ ከአጥር ጀርባ የሚሰማው የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ቀዩ ጭቃ ሶሉ ላይ እየተለጠፈ ጫማውን አከበደው። እግሬን ሳነሳ ተረከዜ ብድግ ይላል፣ ስረግጥ ይመለሳል። ግማሽ ሰዓት ሳልሄድ ማቃጠል ጀመረኝ። ይለቃል ብዬ ቀጠልኩ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬን ሳወልቅ ተረከዜ ባቄላ የሚያህል ውሃ ቋጥሯል፤ ቀኝ ትንሿ ጣቴም ቀልታለች።

እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት አጠገቤ ደርሰው ቆሙ። ሸክማቸውን አወረዱና እግሬን ጎንበስ ብለው አዩት። «አይዞህ ልጄ፣ እንዳታፈነዳው» አሉኝ በጋሞኛ። ከዚያ እሳቸውም ተቀመጡ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች አብጧል፤ የላስቲክ ጫማቸው ፊቱ በቢላ ተሰንጥቆ ጣቶቻቸው ወጥተዋል። እንደማይ ሲያውቁ አልሸፈኑትም። «ልጅ ሳለሁ ጫማ አላገኘሁም» አሉ። «ባገኝ ጊዜ ደግሞ አልገባ አለኝ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ንግግራቸው ከጆሮዬ አልወጣም።

እንደ እሳቸው እግር የሚያሳብጠው ዝሆኔ የምንለው በሽታ በእኛ ደጋ በአብዛኛው ከትንኝ አይመጣም፣ ከእርግማንም አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚመጣው ከአፈሩ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቱቦዎችን ያስቆጣሉ፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። ይህን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ አገራችን ሠርቶ ያብራራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ በሽታውንም ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። በአገር ደረጃ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንዳለበት ተገምቷል። በዘር ተጋላጭ የሆኑ ቤተሰቦች ስላሉ አንዱ ሲያብጥ ጎረቤቱ አያብጥም፤ የእርግማን ወሬ የሚነሳውም ከዚህ ነው። በዚህ ወሬ ስንት ልጃገረድ ሳታገባ ቀረች፣ ስንቱ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። መከላከያው ግን ቀላል ነው፦ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ።

ጫማው ግን መመቸት አለበት። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የገባኝ ይህ ነው። የሚልጥ ጫማ ይወልቃል፤ የልጅ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይወልቃል። ወደ ጨንቻ ስወጣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በጭቃው ውስጥ የሚሄዱ ተማሪዎችን ሁልጊዜ አያለሁ። እንዳይቆሽሽባቸው ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ስንቱን ላጠው እያልኩ አስባለሁ።

አበበ ቢቂላ ትዝ አለኝ። ሮም ላይ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ታሪኩን ስንተርክ ባዶ እግሩን እናወድሳለን እንጂ ጫማውን ለምን እንደተወው አንጠይቅም። ለ42 ኪሎ ሜትር በሚላጥ እግር ከመሮጥ ማውለቅ ይሻላል ብሎ የወሰነ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ልኩ የሆነ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ደገመው። የሮም መንገድ አስፋልትና ጥርብ ድንጋይ ነበር። የጨንቻ ልጅ ሲያወልቅ የሚረግጠው ግን ያንን ቀይ አፈር ነው።

ሰኞ ጫማውን ይዤ ሲቀላ ወደሚሠራ ጫማ ሰፊ ሄድኩ። ትንሽ ጣቴ የሚያርፍበትን ቦታ በእጁ ዳሰሰ፣ ከውስጥ በእርጥብ ጨርቅ አራሰው፣ የእንጨት ቅርጽ አስገብቶ ወጠረና «ይደር» አለኝ። ቶሮንቶ ለምትኖረው የእህቴ ልጅ ስነግራት ሳቀች። እሷም አዲስ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ገዝታ ቁርጭምጭሚቷ አጥንቱ ላይ ቆስሎባት፣ ባለሙያው ጫማውን አሙቆ አጥንቱ ያለበትን ቦታ ብቻ ወደ ውጭ ገፋላት። እዚያ ጫማ መሸጫው ራሱ ይህን ይሠራል፤ አመመኝ ብሎ መመለስ የደንበኛ ወግ ነው። እኛ ጋ መልሱ «ቻለው» ነው።

ጫማ ሰፊው ደግሞ ሳልጠይቀው መከረኝ። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዛ። የምታደርገውን ካልሲ ይዘህ ሂድ። ቆመህ ለካ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ፣ ተረከዝህ ግን አይነሳ። ሁለቱ እግር እኩል አይደለምና በትልቁ ግዛ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት፣ በነጋታው አንድ ሰዓት እያልክ አልምደው። ቆዳ የሚለቀው ወደ ጎን ነው፣ ርዝመቱ አይጨምርም። ተረከዜ ላይ ውሃ የቋጠረውን እኔ እንደ ሴትዮዋ ምክር አላፈነዳሁትም፤ ጨንቻ ስደርስ ራሱ ፈንድቶ ነበር። ቆዳውን ሳልልጥ በንጹህ ውሃና ሳሙና አጥቤ በንጹህ ጨርቅ ሸፈንኩት፤ በሳምንቱ ደረቀ። ስኳር ያለበት ሰው ግን እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ሕመሙን ላይሰማው ይችላል፤ እሱ በየማታው እግሩን በዓይኑ ይይ፣ ቁስል ካገኘም ሳይውል ሳያድር ይታከም።

ለተማሪዎች ጫማ የምትሰጡ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አንድ ልመና አለኝ፦ በክፍል ቁጥር ወይም በዕድሜ ገምታችሁ አትስጡ፤ እግራቸውን ለኩ። ላበጠ እግር የሚሆን ሰፊ ጫማም አሠሩ፤ ወላይታ ሶዶ ላይ ይህ ሥራ ከተጀመረ ቆይቷል። እኔም እኚያን እናት ስማቸውን ሳልጠይቅ መለየቴ ይቆጨኛል። የተገናኘንበትን መንደር ግን አውቀዋለሁ።

ትናንት ማታ የወንድሜን ልጅ ወረቀት ላይ አቁሜ ሁለት እግሩን በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመርኩ። እየኮረኮረው ሳቀ፣ ሁለቴ ረገጠብኝና እንደገና ጀመርን። ግራው ከቀኙ ትንሽ ይበልጣል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ ለመስቀል ጫማ ስገዛለት ሻጩ ፊት እዘረጋዋለሁ።