የሴይቼንቶዋ ብሎክ

የአጎቴ ሴይቼንቶ ዘይት መጠጣት አብዝታ፣ ዳገት ላይ ጉልበት አጥታ፣ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ትለቅ ነበር። መካኒክ የነበሩት ጎረቤታችን ጋሼ ድምጿን አዳምጠው «ሬቲፊካ ትፈልጋለች፤ ሞተሩ ወርዶ ሲሊንደሮቹ ይቆፈሩ» አሉ። የሞተርን ሆድ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው።

ሴይቼንቶ የምንላት ፊያት 600 በ1955 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ የታየች፣ ዳንቴ ጃኮዛ የነደፋት መኪና ናት። አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ቀብታ ታክሲ አድርጋት ነበር። የአጎቴ 600ዲ ነበረች፦ 767 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ የእያንዳንዱ ስፋት 62 ሚሊሜትር።

የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተነስቶ ፒስቶኖቹ ሲወጡ ሲሊንደሮቹ እንደ መስታወት አበሩብኝ። ምናቸው እንደተበላ አልታየኝም። ጋሼ ጣቴን ይዘው ከአንዱ ሲሊንደር ውስጥ ወደ አፉ አስኬዱት፤ አፉ ጋ ሲደርስ ጥፍሬ እርከን ላይ ቆመ። «የፒስቶኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ እስከዚህ ነው የሚወጣው። ከዚህ በላይ ያለው አልተነካም» አሉኝ።

ቀጥለው አንድ ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ከተው፣ በፒስቶን ገፋ አድርገው አቃኑትና የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለኩ። መጀመሪያ ፋሻ የማይደርስበት ታችኛው ጫፍ ላይ፣ ከዚያ ከእርከኑ ሥር። ልዩነቱ 0.6 ሚሊሜትር ያህል ሆነ። ለ3.14 ሲያካፍሉት ሲሊንደሩ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ሰፍቷል። ትምህርት ቤት ስለ ክብ ዙሪያ የሸመደድኩት ቀመር ብረት ሲለካ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

በ0.4 ሚሊሜትር የሚበልጡ ፒስቶኖች ተገዙ፤ ቁፋሮው በፒስቶኑ ልክ ነውና እነሱ ይቀድማሉ። ብሎኩ ሬቲፊካ ቤት ደርሶ ሲመለስ ግድግዳው ላይ ዘይት የሚይዙ የተጠላለፉ ስስ መስመሮች ነበሩት። ማጠቡ የእኔ ድርሻ ሆነ። ነጭ ጨርቅ ውስጡ ገብቶ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ፈተግኩት፤ ዝገት ሳይቀድመን ወዲያው ዘይት ቀባነው። ጋሼ ፋሻዎቹን ሲያስገቡ ክፍተቶቻቸው በአንድ መስመር እንዳይገጥሙ እያዞሩ አሳዩኝ።

ለአሮጌ መኪና ያለኝ ፍቅር ከዚያ ይጀምራል። የተበላ ብሎክ ግድግዳው እስከቻለ ድረስ አይጣልም፤ በትክክል ለክቶ ለሚቆፍረው ሰው አዲስ ፒስቶን ተቀብሎ እንደገና ይሠራል።